አምስት ፀጉር የቀራት ጭራ

እናንተዬ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያገባ የኖረ ሰው የሚወዳት ሴት አንድ ቀን "እሺ" ብትለው ምን ማድረግ አለበት? አርፎ መቀመጥ አለበት። ሌላ ምንም። ምክሩን እንዲህ በልበ ሙሉነት የምለግሳችሁ እኔ ራሴ ስላልተጠቀምሁበት፣ እንዳለ ሳይነካ ስለተቀመጠ ነው።

ላሊበላ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ታሪክ ማስተማር እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ውሎ አድሮ ጠባይም ይሆናል። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስገዛ "ይህ ሳሙና መቼ ገባ? ማን አመጣው? ከሱ በፊትስ የቱ ነበር?" እያልሁ ባለሱቁን ስለማሰለቸው፣ አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳሙናውን ደጃፍ አውጥቶ ይጠብቀኛል። እንዲህ ያለውን ሰው የምወዳት ማስተዋል እንዴት እሺ እንዳለችው እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሲጮኹባት ስለምትውል፣ የኔ ወሬ ዕረፍት ሆኖላት ይሆናል።

የማስተዋል ወላጆች የሚኖሩት ደላንታ፣ ወገል ጤና ነው። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ነበር። አያ ሞላ ሽምግልና የሚወደው ለሚቀርበው ምግብ መሆኑን አገር ያውቃል፤ እሱም አይክድም። ሲመለሱ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው።

"ሰዎቹ ሰዎች ናቸው" አለ አያ ሞላ ጋቢውን እያወለቀ። "ጠላቸው ጠላ ነው። በጉ ግን፣ ኧረ በጉስ!" ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ።

"አያ ሞላ፣ ልጅቷንስ?"

"እ? ሰጡን፣ ሰጡን። ብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ትንሽ ተንገራገጨ።"

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት የሱም የሷም አባቶች ወደላይ እስከ ሰባት ይቆጠራሉ። ሰባት ሳይሞላ አንድ ሰው በሁለቱም ወገን ብቅ ካለ፣ ተጋቢዎቹ እህትና ወንድም ሆኑ ማለት ነው፤ ድግሱ ይቀራል። የኔን ወገን አባቴ ከመሞቱ በፊት በደብተር ጽፎልኛል፤ አለሙ፣ ካሴ፣ ወርቁ፣ ደምሴ፣ ገላው። አምስት። ከገላው ስም ሥር ደግሞ "የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል። አንድ ወንድም ነበረው፤ ከአገር ወጥቶ ቀረ" ይላል። ይህን ለአያ ሞላ ያስጠናሁት እኔው ነበርሁ።

"የነሱም አምስተኛ ላይ ቆመ" አለ አያ ሞላ። "ስሙ ተሰማ ነው። 'ላስቴው' ይሉታል። ከላስታ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከዚያ በላይ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ እነሱ እኛን አዩን። እኛም እነሱን አየን። ከዚያ ሁላችንም በጉን አየን። 'ላስታ ሰፊ አገር ነው' አልሁ። 'ኧረ ሰፊ ነው!' አሉ። ተመራርቀን ተነሣን።"

እዚህ ላይ ማልቀስ ያምረኛል። ስድስት ሽማግሌ ሙሉ ቀን ደክሞ ያማረ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። የኔ ድርሻ የአያ ሞላን ጉልበት ስሜ ሱፍ መለካት ብቻ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምሁ።

"'ሰፊ ነው' ማስረጃ አይሆንም" አልሁ። "የጠፋው የገላው ወንድም ሌላ፣ የነሱ ላስቴው ሌላ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ አፍ እንዳይከፈትብን።"

"ማን ከፈተብህ?" አለ አያ ሞላ። "አንተ ነህ እኮ የከፈትኸው!"

እናቴ ከምድጃው በኩል "ልጄ፣ ዘርህን ከሆነ እኔ እኮ…" ብላ ጀመረች።

"ቆይ እማ" አልኋት። "ይሄ የመዝገብ ሥራ ነው።"

የአባቴ አገር ከነአኩቶ ለአብ ማዶ፣ ዳገቱን ሁለት ሰዓት በእግር ወጥቶ ነው። የደብሩ መሪጌታ እኔ ልጅ ሳለሁም ሽማግሌ ነበሩ። መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። መዝገብ ስላችሁ ቁጥርና ማኅተም እንዳይመስላችሁ፤ አሮጌ የብራና መጽሐፍ ነው። ባዶ በተገኘው ገጽ ሁሉ ያገሩ ሰው ጉዳይ ተጽፎበታል። ችግሩ ሁሉም የተጻፈው በክርስትና ስም ነው። እኔ ገላውን ስፈልግ የሚወጣው ወልደ ማርያም፣ ወልደ ማርያም፣ አሁንም ወልደ ማርያም። ያገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሰው ነበር እንዴ እስክል ድረስ ቆጠርሁ። መሪጌታ ሁለት ጊዜ አንቀላፉ፤ ሁለት ጊዜ ነቁ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኘን።

"ይህን መጽሐፍ ያስለበጡት ወልደ ገብርኤልና ኃይለ ሚካኤል የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ኃይለ ሚካኤል በአባታቸው ጭራ ከወንድሙ ተጣልቶ፣ ጭራውን ይዞ ወደ ደላንታ ተሰደደ። እግዚአብሔር ልቡን ይመልስልን። ጭራውንም።"

አዎ፣ ጭራ። ዝንብ የሚያባርሩባት፣ ሽማግሌ ሲናገር የሚወዘውዛት ጭራ። ሰው በርስት ሲጣላ፣ በሚስት ሲጣላ አስተምሬአለሁ። የኔ ወገኖች በፈረስ ጭራ ተጣልተው አገር ለቀዋል። አፈርሁ፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

መሪጌታ ጽሑፉንም እኔንም አዩ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በላሊበላ ስለተወራ ነገሬን ሁሉ ያውቃሉ።

"ልዝጋው?" አሉኝ። "ዓይኔ ደክሟል፤ እኔ ምንም አላነበብሁም። አንተም ብትሆን መነጽር የለህም።"

"አንቱ አባቴ፣ ደላንታ እኮ ሰፊ አገር ነው" አልኋቸው። "የማስተዋል አያት ሌላ ላስቴ ሊሆን ይችላል። ሄጄ ላጣራ።"

መሪጌታ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ከወትሮው ረዘም ያለ ጸሎትም አደረሱልኝ።

ወጉ ቢሆን ሙሽራ ከሠርጉ በፊት አማቹ ቤት ድርሽ አይልም። ስለዚህ መላ ዘየድሁ፤ ጥናት የማደርግ ሰው ሆንሁ። ፋይል ያዝሁ፣ እስክሪብቶ ኪሴ ላይ ሰካሁ፣ ለግርማ ሞገስ የጎረቤቴን መነጽር ተዋስሁ። በመነጽሩ ምክንያት ጋሸና ላይ የተሳሳተ መኪና ውስጥ ገባሁ። ወደ ወልድያ ግማሽ ሰዓት ከሄድሁ በኋላ ወርጄ፣ በሽንኩርት ጫኝ አይሱዙ ጋሸና ተመለስሁ። ወገል ጤና ስደርስ ጥናቴም እኔም ሽንኩርት ሽንኩርት እንሸታለን።

የማስተዋል አባት አያ ሰጠኝ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ፈጣሪውን የሚፈራ ገበሬ ነው። ማን ነህ ሳይለኝ አስገብቶ አስቀመጠኝ፣ እግሬን አስታጠበኝ፣ ቆሎና ጠላ አቀረበልኝ። ከላስታ ስለተሰደዱ ሰዎች እንደማጠና ነገርሁት።

"ደግ አደረግህ" አለኝ። "የኛም አባት ላስቴ ናቸው። አቶ ተሰማ። ከወንድማቸው ተጣልተው ነው የወጡት ይባላል።"

"በርስት ነው?" አልሁ። በርስት በለኝ፣ በርስት በለኝ እያልሁ በልቤ እጸልያለሁ።

"ኧረ ምን ርስት! ቆይ ላሳይህ።" ተነሥቶ ከምሰሶው ላይ አንድ ነገር አወረደ። የተጠረበ ወይራ እጀታ ነው። ጫፉ ላይ አምስት ፀጉር ቀርቶታል፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። "በዚች ነው የተጣሉ። ያ ወንድማቸው ክፉ ሰው ነበር አሉ። ጭራዋ የሳቸው ሆና ሳለ የኔ ናት ብሎ…"

አንድ የታሪክ አስተማሪ በሕይወቱ ስንት ጊዜ ነው የጽሑፍ ማስረጃና ቁሳዊ ማስረጃ ፊት ለፊት የሚገጥሙለት? ነገር ዓለሙን ረሳሁት። ሠርጉን ረሳሁት። ከመደቡ ላይ ዘልዬ ተነሣሁና "ውሸት ነው! ይቺ ጭራ የገላው ናት! የኛ ናት!" ብዬ ጮህሁ።

አያ ሰጠኝ ጭራዋን እንደያዘ ቀስ ብሎ አየኝ። መነጽሬ ጠላው ውስጥ ወድቋል።

"ገና ስትገባ አፍንጫህ የዘመድ አፍንጫ መስሎኝ ነበር" አለ። "ገላው አልኸኝ? ሽማግሌዎቹም አምስተኛ ብለው የቆጠሩት ገላው ነበር። ልጄን የጠየቀውም አስተማሪ…" ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ኀዘን ነው።

የመልሱን መንገድ አልተርክላችሁም። ጋሸና ላይ ጥብስ አዝዤ ሳልበላው መሄዴን ብቻ ዕወቁልኝ። አያ ሞላ ይህን ሲሰማ ነው የነገሩ ክብደት የገባው።

ማስተዋልን ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ማን ፈልግ አለህ?" አለችኝ።

"ለኛው ብዬ ነው።"

"እኔ ይህን ያህል ዓመት ልጅ ስቀበል አንድም ሕፃን አያቶቹን ዘርዝሮ አልወጣም። አልቅሶ ነው እሚወጣ! አባቴን ታውቀዋለህ? ሰባት ሳይሞላ አያጋባኝም፤ ቢሞት አያጋባኝም።" ከዚያ አለቀሰች። ማስተዋል ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔም መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስሁ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር አለን።

ገላውና ተሰማ የየወገናችን አምስተኛ ስለሆኑ፣ የጋራ አባታቸው ስድስተኛ ላይ ይወድቃል። ወደ መሪጌታ በሩጫ ተመልሼ ወጣሁ። ከአባቴ ሳይሆን ከራሴ ጀምረን ብንቆጥር ሰባት እንደሚሞላ አስረዳኋቸው።

"ከራስህ ከጀመርህማ አንተ የራስህ አባት ልትሆን ነው" አሉኝ።

"እሺ፣ በመካከል ሳይጻፍ የቀረ አንድ አያት ቢኖርስ? አንድ ብቻ አባቴ! ትንሽ ሰው!"

"አንተ ልጅ፣ አያት እንደ ጠላ ውሃ አይጨመርበትም። ሂድ ወደ ቤትህ።"

ሄድሁ። ቤት እናቴ "እስኪ ቁጭ በልና እኔ ልንገር…" ስትለኝ "እማ፣ ዛሬ አልችልም" ብዬ ተከናንቤ ተኛሁ።

ኅዳር ሦስት የነአኩቶ ለአብ ዕለት አያ ሰጠኝ ለመሳለም ከወገል ጤና መጣ። ከቅዳሴ በኋላ እናቴ አስጠርታው ቤታችን ገባ። አያ ሞላ ሳይጠራ ቀድሞ ተቀምጧል። ማስተዋልም አባቷን ልታይ መጥታ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ከአያ ሞላ በቀር የነካው የለም።

አያ ሰጠኝ ከጋቢው ውስጥ ጭራዋን አውጥቶ መሶቡ አጠገብ አስቀመጣት።

"ወደ ቤቷ ልመልሳት ብዬ ነው" አለኝ። "ዘመዴ ነህ፤ ደስ ይለኛል። ጋብቻው ግን ቀረ። ባትመጣ ኖሮ አላውቅም ነበር። አለማወቅ ደግሞ ኃጢአት አልነበረም። አሁን ግን ዐወቅሁ፤ ምን ላድርግ?"

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ያገኘኋትን ሴት በገዛ እጄ፣ በእስክሪብቶ፣ አስረክቤ ቁጭ ብያለሁ።

"ወንዶቹ ከጨረሳችሁ እኔ ልናገር?" አለች እናቴ። የከለከላት የለም፤ ጉልበቱ ያለው ሰው አልነበረም።

"ካሴ እኮ አለሙን አልወለደውም።"

የአያ ሞላ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"አሳደገው እንጂ አልወለደውም" አለች እናቴ። "አማቴ ከካሴ በፊት በወግ ያገባችው ባል ነበራት። አለሙን እርጉዝ ሳለች ታሞ ሞተባት። ካሴ አገባትና ልጁን እንደ ልጁ አሳደገው። ትምህርት ቤት ሲያስገባው በራሱ ስም አስመዘገበው፤ አለሙ ካሴ ተብሎ ቀረ። አማቴ ናት የነገረችኝ። ካሴን ላለማስቀየም ዝም ብዬ ኖርሁ።"

"እማ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? ያልጠየቅኸው ቄስ የለም፣ ያላገላበጥኸው ብራና የለም፣ ደላንታ ድረስ ወርደህ ሰው አስቀየምህ። እኔ እዚሁ ምድጃ ሥር ነበርሁ። አፌን በከፈትሁ ቁጥር 'ቆይ እማ' ነው።"

ወገኖቼ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ካሴ ነው። ሽማግሌው ካሴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈ ወርቁ፣ ደምሴ፣ ገላው እያለ ያስቆጥረኝ ነበር። እነዚያን ስሞች ሲሰጠኝ የኔ እንዳልሆኑ እያወቀ ነው የሰጠኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እናቴ አየችኝ። "አያትህ እሱው ነው" አለችኝ ለስለስ ብላ። "ማንም አይወስድብህም። ለሰባት ቤት ቆጠራ ብቻ ነው እማይሆንህ።"

"እንግዲያ ዝምድናው ፈረሰ!" ብሎ አያ ሞላ ጮኸ። "ገላውም ደምሴም አይመለከቱንም! አያ ሰጠኝ፣ ይብሉ እንጂ!"

አያ ሰጠኝ ግን ዝግ ያለ ሰው ነው ብያችኋለሁ። "ደግ" አለ። "የወለደውስ ማነው?"

"ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነው" አለች እናቴ። ሰው ሲያዳምጣት ብርቅ ሆኖባት ፊቷ በርቷል። "ስሙን የያዘው የለም፤ 'እንግዳው' ይሉት ነበር።"

"ከየት አገር የመጣ?"

ማስተዋል ዱካዋ ላይ ቀጥ አለች። እኔም ትዝ አለኝ፤ አያ ሰጠኝ ጭራዋን ይዞ ስለ አፍንጫዬ የተናገረው።

"እሱማ ይታወቃል" አለች እናቴ። "ሰውየውማ የመጣው ከደ…"

እጄ መቼ መሶቡ ውስጥ እንደገባ አላውቅም። የዶሮ እግር ከነእንቁላሉ በእንጀራ ጠቅልዬ እናቴን አጎረስኋት። በሕይወቴ ያን ያህል ጉርሻ ጠቅልዬ አላውቅም፤ ዓይኗ ፈጠጠ። አላምጣ ሳትጨርስ ማስተዋል ከዱካው ተወርውራ "እማማ፣ ከኔም!" ብላ ሁለተኛውን ደገመች። ቀጥሎ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ሆነ፤ ሰው አጉርሶ የማያውቀው አያ ሞላ ከራሱ ፊት ፈረሰኛውን አንሥቶ እህቱን አጎረሳት።

እናቴ ጉንጮቿ ተወጥረው እጇን እያወራጨች አያ ሰጠኝን ታያለች። አሁንም መናገር ትፈልጋለች። አያ ሰጠኝም አያት። ከዚያ ማስተዋልን አየ፤ ልጁን ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ከእንጀራው ቆረሰ፣ ከወጡ አጠቀሰ፣ ሳይቸኩል ጠቀለለ።

"እመቤቴ፣ ይብሉ" አላት። "ሲበሉ አይወራም።"

በጥር ተጋባን። ጭራዋን አያ ሰጠኝ ለኛው ትቶልን ሄደ። እንግዳው ከየት እንደመጣ ያን ቀን አልተሰማም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅሁም። በደ የሚጀምር አገር ደግሞ ብዙ ነው፤ ደሴ አለ፣ ደብረ ታቦር አለ፣ ደባርቅም አለ። እናቴ በነዚህ ሁለት ዓመታት በጣም ወፍራለች።

ባለፈው እሑድ ልጃችንን ታቅፋ ፊቷን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና "ይቺ አፍንጫ እኮ…" ብላ ጀመረች። ማስተዋል አንድም ቃል ሳትተነፍስ ተነሥታ ጉርሻ ትጠቀልል ጀመር። እኔም ጭራዋን ከምሰሶው አወረድሁና የሌለ ዝንብ አባርር ገባሁ።